ምዕራፍ ስድስት፦ ያመጣውና ያቆየው

ቡልቡላ ላይ ወገቡን ለወራት የያዘው፣ ጉልበቱ የዛለ፣ ተኝቶ ሲነሣ እንዳልተኛ የሚሰማው ሰው ሕክምና ሲፈልግ መንገዱ የታወቀ ነው። ከጤና ጣቢያ ይጀምራል፤ ቀጥሎ የግል ክሊኒክ ይሞክራል፤ አቅም ካለው ባቱ፣ ሻሸመኔ ወይም አዳማ ይሄዳል። በየደረሰበት ደም ይሰጣል፣ ሽንትና ሰገራው ይታያል፣ ራጅ ይነሣል። መጨረሻ ላይ የሚሰማው መልስ ብዙ ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው። አንዱ «ታይፎይድና ታይፈስ ተገኝቶብሃል» ይልና መርፌና ክኒን ያዝዝለታል። ሌላው «ምርመራው ንጹሕ ነው፤ ነርቭ ነው፣ አትጨነቅ» ብሎ ይሸኘዋል። ሁለቱ መልሶች ተቃራኒ ይመስላሉ፤ የሚያርፉት ግን በአንድ እምነት ላይ ነው። ሕመም ካለ አሁን የሚሠራ ጉዳት መኖር አለበት፤ ጉዳቱ ካልታየ ሕመሙም አጠራጣሪ ነው።

የዚህ ምዕራፍ ክርክር ይህ እምነት ስሕተት ነው የሚል ነው። ሕመምና ድካም የበሽታ መከላከያው ሥርዓትና የነርቭ ሥርዓቱ እየተነጋገሩ የሚሰጡት የጥበቃ ትእዛዝ ናቸው፤ «በዚህ እግር አትርገጥ»፣ «ዛሬ አትነሣ፣ ተኛ» የሚል ትእዛዝ። ትእዛዙን ያስወጣው ምክንያት ከተወገደ በኋላም ትእዛዙ ሳይሻር ሊቆይ ይችላል፤ የሚቆይበትም መንገድ ሥጋዊ ነው፣ በሴልና በኬሚካል የሚገለጽ። ስለዚህ ለረጅም ጊዜ ለታመመ ሰው መጠየቅ ያለባቸው ጥያቄዎች ሁለት ናቸው። ሕመሙን ምን አመጣው? ሕመሙን ምን አቆየው? አንዳንዴ የሁለቱም መልስ አንድ ነው። ብዙ ጊዜ ግን ይለያያል፤ ታካሚው ከክሊኒክ ክሊኒክ የሚንከራተተውም የመጀመሪያው ጥያቄ ደጋግሞ እየተጠየቀ ሁለተኛው ስለሚዘለል ነው። (በዚህ ምዕራፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መንስኤ የማይጠፋበት ምድር

ስምጥ ሸለቆው ይህን ክርክር ለመፈተን ቀላል ቦታ አይደለም፤ ሕመም የሚያመጣ እውነተኛ ነገር እዚህ ሞልቷልና። ከዝዋይ ሐይቅ ወጥቶ ወደ አቢጃታ የሚወርደው የቡልቡላ ወንዝ ባለበት አካባቢ ወባ አለ። ቫይቫክስ የተባለው የወባ ዓይነት ጉበት ውስጥ ተደብቆ ሳምንታትና ወራት ቆይቶ ይነሣል፤ ስለዚህ «መድኃኒቱን ጨርሼ እንደገና አመመኝ» የሚል ሰው እውነቱን ሊሆን ይችላል። ከብትና ፍየል የሚያስወርደው ብሩሴሎሲስ ባልተፈላ ወተት ወደ ሰው ይገባል፤ የሚመጣና የሚሄድ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ፣ የወገብና የመገጣጠሚያ ቁርጥማት፣ ለወራት የማይለቅ ድካም ያስከትላል። የጀርባ አጥንት ቲቢ አከርካሪን ይበላል። ውኃውም አለ። የሸለቆው ወለል እሳተ ገሞራ የተፋው ድንጋይና አመድ ነው፤ በውስጡ የሚያልፈው የከርሰ ምድር ውኃ ብዙ ሶዲየምና ባይካርቦኔት፣ ጥቂት ካልሲየም ስላለው ፍሎራይድ ከድንጋዩ እየሟሟ ይከማችበታል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው፤ በስምጥ ሸለቆው ያሉ ብዙ ጉድጓዶች ከዚህ ያልፋሉ። እዚያው ተወልደው ባደጉ ሰዎች ጥርስ ላይ የሚታየው ቡናማ ቀለም የዚሁ ምልክት ነው።

ጉዳቱ ከጥርስ አልፎ የት እንደሚደርስ በደንብ የታየው ወንጂ ላይ ነው። ፍሎራይድ የበዛበትን የጉድጓድ ውኃ ለብዙ ዓመታት የጠጡ የስኳር እርሻው ሠራተኞች አጥንታቸው ወፍሮ፣ ጅማታቸው ወደ አጥንትነት ተለውጦ፣ አንገታቸውና ጀርባቸው ደርቆ ተገኝተዋል። የነርቭ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖት በ1990 ባሳተሙት ጥናት ይህ የወፈረ አጥንት ሕብለ ሰረሰርንና ከእሱ የሚወጡትን ነርቮች እየጨቆነ እስከ ሽባነት እንደሚያደርስ ገልጸዋል። እንዲህ ባለ አገር «ያመጣውን መፈለግ ይቅር» የሚል ክርክር ቢቀርብ አደገኛ ይሆን ነበር። እኔ የምለው ሌላ ነው። ያመጣው ተፈልጎ ከተገኘና ከታከመ በኋላ፣ ወይም በሚገባ ተፈልጎ ከታጣ በኋላ፣ ሕመሙ ካለ ሥራው አላለቀም። ለዚህ ጠንካራው ማስረጃ ደግሞ ከውጭ የመጣ አይደለም፤ እዚሁ ሸለቆው ጫፍ ላይ ባሉ ሆስፒታሎች ሲታይ የኖረ በሽታ ነው።

ከሞተ ባክቴሪያ የሚነሣ ሕመም

ሻሸመኔና ከአርሲ ነገሌ በላይ ያለችው ጋምቦ የሥጋ ደዌ ሕሙማን መታከሚያ ሆነው የተጀመሩ ሆስፒታሎች አሏቸው። አዲስ አበባ ላይ አለርት በ1965፣ የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም በ1970 የተመሠረቱት በዚሁ በሽታ ምክንያት ነው። የሥጋ ደዌ ባክቴሪያ ነርቭን በሚሸፍኑት ሴሎች ውስጥ ይኖራል። ዝግ ብሎ የሚራባ፣ መርዝ የማይረጭ ፍጥረት ነው፤ ለብዙው የነርቭ ጉዳት ተጠያቂው ባክቴሪያው ራሱ ሳይሆን እሱን ሊያጠፋ የሚመጣው የሰውነት መከላከያ ነው። ጥምር መድኃኒቱ፣ የዓለም ጤና ድርጅት በ1981 የመከረው፣ ባክቴሪያውን በፍጥነት ይገድላል። ነገር ግን ሬሳው ቆዳና ነርቭ ውስጥ ለዓመታት ይቆያል፤ መከላከያውም የሞተውን እንደ ሕያው ይቆጥረዋል። ብዙ ባክቴሪያ ከነበረባቸው ሕሙማን አንዳንዶቹ በሕክምናው መካከል፣ አንዳንዶቹም ሕክምናውን ከጨረሱ ከዓመታት በኋላ ድንገት ትኩሳት፣ የሚያቃጥል የቆዳ እብጠት፣ የመገጣጠሚያና የነርቭ ሕመም ይነሣባቸዋል። ያን ጊዜ የሚረዳቸው ሌላ ፀረ ባክቴሪያ ሳይሆን መከላከያውን የሚያበርድ እንደ ፕሬድኒሶሎን ያለ መድኃኒት ነው። ያመጣው ሞቷል፤ ያቆየው ሌላ ነው።

ነገሩ በዚህ አያበቃም። መከላከያው ከበረደ በኋላም ሕመም የማይለቃቸው አሉ። በ2012 የታተመ ጥናት የሥጋ ደዌ ሕክምናቸውን የጨረሱ 80 ሰዎችን አለርት ላይ ጠይቆ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት አሁንም ሕመም እንደሚሰማቸው፣ ከእነዚህም ከፊሉ የሚታመሙት ከተጎዳው ነርቭ ከራሱ በሚነሣ ሕመም እንደሆነ አግኝቷል። ሥጋ ደዌ የሚታወቀው ስሜት በመግደል ነው፤ ምልክቱ እሾህ ሲወጋው፣ እሳት ሲነካው የማይሰማው እግር ነው። ያው እግር ግን ሌሊት ሊነድድ፣ ሊወጋጋ ይችላል። ሕመም የጉዳት ትክክለኛ ዘገባ ቢሆን ኖሮ ምንም የማይሰማ እግር ሊያም አይችልም ነበር። ተመሳሳዩ በኤች አይ ቪም ታይቷል። ነፃ የፀረ ኤች አይ ቪ ሕክምና በኢትዮጵያ ከ2005 ጀምሮ ሲሰጥ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከጥምር መድኃኒቶቹ አንዱ ስታቩዲን ነበር፤ ርካሽና ሕይወት አዳኝ፣ ነገር ግን የእግር ነርቭን የሚጎዳ። መድኃኒቱ በኋላ ተተክቷል፤ ሆኖም ቫይረሱ በደማቸው ውስጥ የማይታይ፣ ስታቩዲንንም ካቆሙ የቆዩ ሰዎች መካከል የእግር መዳፋቸው መቃጠሉን ያልተወ አሉ። ቫይረሱ ተገትቷል፣ መድኃኒቱ ቆሟል፣ ሕመሙ ግን አልለቀቀም።

ሁለቱ ሥርዓቶች እንዴት ይነጋገራሉ?

ለዚህ ማብራሪያ ለማግኘት በመጀመሪያ ማንኛውም ሰው የሚያውቀውን ነገር ማስታወስ ይበቃል። ጉንፋን ወይም ወባ ሲይዘን ተሕዋሲው እግራችንን አልነካም፤ እግራችን ግን ይከብደናል። ምግብ ያስጠላናል፣ ሰው ያስጠላናል፣ ቆዳችን ሲነካ ያመናል፣ አሳባችን ይበተናል። ይህን የሚያደርገው ተሕዋሲው አይደለም። የመከላከያ ሴሎች ሳይቶካይን የተባሉ መልእክተኛ ኬሚካሎችን ይለቅቃሉ፤ እነሱም በደምና ከሆድ ዕቃ ወደ አንጎል በሚወጣው ቬገስ በተባለው ነርቭ በኩል ለአንጎል ይነግራሉ። አንጎልም ጉልበቱ ሁሉ ለውጊያ እንዲውል ሰውየውን ያስተኛዋል። አሜሪካዊው የእንስሳት ሐኪም ቤንጃሚን ሃርት በ1988 ይህን በእንስሳት ላይ አስተውሎ፣ የታመመ እንስሳ መተኛትና አለመብላት የድክመት ውጤት ሳይሆን በተፈጥሮ የተሰናዳ መዳኛ ነው ሲል ተከራከረ። ከዚያ ወዲህ በሰው ላይ ተረጋግጧል። ጤነኛ በጎ ፈቃደኞች ከባክቴሪያ ግድግዳ የተወሰደ ጥቂት ንጥረ ነገር ሲወጉ፣ አንድም ሕያው ባክቴሪያ ሳይገባባቸው፣ በሰዓታት ውስጥ ይደክማሉ፣ ይከፋቸዋል፣ ለሕመም የሚሰማቸው ስሜትም ይጨምራል። ቀድሞ ለጉበት ቫይረስ ሕክምና ይሰጥ የነበረው ኢንተርፌሮን ራሱ ከሳይቶካይኖች አንዱ ነው፤ የወሰዱት ሰዎች ከባድ ድካምና ቁርጥማት ይገጥማቸው ነበር፣ ቀላል የማይባሉትም ወደ ድባቴ ይወርዱ ነበር። ድካም እንግዲህ የስንፍና ሌላ ስም አይደለም። በኬሚካል ሊጠራ የሚችል የሰውነት ሁኔታ ነው።

ሁለተኛው ወገን የነርቭ ሥርዓቱ ነው። በ1983 ክሊፎርድ ዉልፍ የተባለ ተመራማሪ በአይጦች ላይ ያሳየው ነገር የሕመምን ሳይንስ አቅጣጫ ለውጧል። አንድ የሰውነት ክፍል ሲጎዳ ለውጡ በተጎዳው ቦታ ብቻ አይወሰንም፤ ሕብለ ሰረሰር ውስጥ ያሉት ነርቮችም ንቁ ይሆናሉ። የተጎዳውን ቦታ በማደንዘዣ ዝም ቢያሰኙትም ሕብለ ሰረሰሩ ወዲያው አይረጋም። የሸለቆው ገበሬ ይህን በራሱ ማሳ ያውቀዋል፤ ግሪሳ አንዴ የመጣበት የማሽላ ጠባቂ ወፉ ከሄደ በኋላ ማማው ላይ ሆኖ ለቢራቢሮም ወንጭፍ ያነሣል። የነቃ ሕብለ ሰረሰር ቀድሞ ተራ የነበረውን መነካት፣ ብርድ፣ መቀመጥ፣ ትንሽ መራመድ እንደ ጉዳት አድርጎ ወደ አንጎል ያሳልፋል። እዚህ ላይ መከላከያው እንደገና ይገባል። አንጎልና ሕብለ ሰረሰር ውስጥ ማይክሮግሊያ የተባሉ የመከላከያ ሴሎች አሉ፤ ነርቭ ሲጎዳ ይነቃሉ፣ የሚለቅቋቸው ኬሚካሎችም የነርቮቹን ንቃት ያራዝማሉ። ነርቮችም በተራቸው የመከላከያ ሴሎችን የሚያነቃ ኬሚካል ይለቅቃሉ። አንዱ ሌላውን እየቀሰቀሰ የሚሽከረከር ዑደት ይፈጠራል፤ ዑደቱ አንዴ ከተነሣ የጀመረው ነገር ባይኖርም ራሱን መመገብ ይችላል።

መላ ሰውነትን በሚያመው፣ ራጅም ደምም ምንም በማያሳይበት ፋይብሮማያልጂያ ላይ በ2021 የታተመ ሥራ ይህን ዝምድና በቀጥታ ፈትኗል። የእንግሊዝና የስዊድን ተመራማሪዎች ከሕሙማን ደም መከላከያው የሚያመርታቸውን ፀረ እንግዳ አካላት ወስደው ለአይጦች ሰጡ። አይጦቹ ለግፊትና ለብርድ ስስ ሆኑ፣ እንቅስቃሴያቸው ቀነሰ፣ የመያዝ ኃይላቸው ደከመ። ከጤነኛ ሰዎች የተወሰደው ፀረ እንግዳ አካል ይህን አላደረገም፤ የሕሙማኑ ከአይጦቹ ደም ሲጠፋም አይጦቹ ዳኑ። አይጥ ስለ በሽታው አልተነገራትም፣ በኑሮ ውድነት አትጨነቅም፣ እረፍት ፈልጋ አታስመስልም። ከደም የተወሰደ ነገር ሕመምን ካሻገረ፣ «አእምሮው የፈጠረው ነው» የሚለው ማብራሪያ ቢያንስ ለእነዚያ ሕሙማን አይበቃም።

የሁለት ከተሞች ምስክርነት

አይጥ አይበቃም የሚል አንባቢ ትክክል ነው። ስለዚህ ወደ ሰዎች እንመለስ። በአውስትራሊያ ደቦ የምትባል ገጠር የከበባት ከተማ አለች። ተመራማሪዎች በከተማይቱና በዙሪያዋ ከሦስት ኢንፌክሽኖች በአንዱ የተያዙ 253 ሰዎችን ገና ሲታመሙ መዝግበው ተከታተሉ። አንዱ በምራቅ የሚተላለፍ ቫይረስ ነው፣ አንዱ በትንኝ፣ ሦስተኛው ከከብትና ከበግ የሚመጣው ኪው ፊቨር የተባለ የባክቴሪያ በሽታ። በ2006 የታተመው ውጤት እንዲህ ነበር። ከስድስት ወር በኋላ 12 በመቶዎቹ አሁንም አቅም በሚያሳጣ ድካም፣ በጡንቻና በመገጣጠሚያ ሕመም፣ በአሳብ መበተን ይሠቃዩ ነበር። ሦስቱ ተሕዋስያን በፍጹም የማይመሳሰሉ ሆነው የተዉት ሕመም አንድ ዓይነት ነበር። ሕመሙ ማን ላይ እንደሚቆይ አስቀድሞ የጠቆመውም የሰውየው ጠባይ ወይም የቀድሞ ጭንቀቱ ሳይሆን የመጀመሪያው ሕመም ክብደት ነበር። ያመጣው ሦስት ዓይነት፣ ያቆየው ግን አንድ የጋራ መንገድ መሆኑን ከዚህ በላይ ግልጽ የሚያደርግ ነገር ማግኘት ይከብዳል።

ወደ እኛ ስንመጣ ድሬዳዋ አለች። በ2019 በከተማዋ የተነሣው የቺኩንጉንያ ወረርሽኝ ከ40 ሺህ በላይ ሰዎችን አሳምሟል። ቺኩንጉንያ ቀን በምትናደፍ ትንኝ የሚተላለፍ ቫይረስ ነው፤ ደም ውስጥ የሚቆየው አንድ ሳምንት ገደማ ሲሆን የመገጣጠሚያ ሕመሙ ግን በብዙ አገሮች እንደታየው ቀላል በማይባል የሕሙማን ክፍል ላይ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ይቀጥላል። በቀጣዩ ዓመት መጋቢት ወር ኮቪድ አገራችን ገባ፤ በ2021 የዓለም ጤና ድርጅት ከኮቪድ በኋላ የሚቀረውን ድካም፣ የትንፋሽ ማጠርና የአሳብ መደናገር ራሱን የቻለ ሕመም ብሎ ትርጓሜ አወጣለት። ቫይረሱ በምርመራ አይገኝም፤ ሰውየው ግን አልዳነም። ለብዙ ዘመን ጥቂት ሐኪሞች ብቻ የሚያወሩት ነገር በአንድ ወረርሽኝ ለዓለም ሁሉ ታየ።

የዊዳል ወረቀት

ይህ ሁሉ በቡልቡላ ክሊኒክ ውስጥ ምን ይለውጣል? በመጀመሪያ «ታይፎይድና ታይፈስ» የሚለውን ወረቀት በሌላ ዓይን እንድናይ ያደርጋል። ለታይፎይድ የሚሠራው የዊዳል ምርመራ በ1896፣ ለታይፈስ የሚሠራው የዌይል-ፌሊክስ በ1916 የተፈለሰፉ ናቸው። ሁለቱም የሚፈልጉት ባክቴሪያውን አይደለም፤ ሰውነት ያመረተውን ፀረ እንግዳ አካል ነው። ፀረ እንግዳ አካል ደግሞ ያለፈ ኢንፌክሽን ትዝታ ነው፤ በሽታው ካለፈ በኋላ ይቆያል፣ በሌላ ተሕዋሲ፣ በወባም ሳይቀር፣ ሊነሣ ይችላል። ታይፎይድ በሚበዛበት አገር አንድ ጊዜ ብቻ የተሠራ ዊዳል ብዙ ጤነኞችን «ታማሚ» ያደርጋል፤ ትክክለኛው ማረጋገጫ የደም ካልቸር ነው፣ እሱ ደግሞ በትንሽ ክሊኒክ አይሠራም። ታይፎይድ እውነተኛና ገዳይ በሽታ ነው፤ ነገር ግን ለዓመት የቆየ ቁርጥማትና ድካም የእሱ ገጽ አይደለም።

ታዲያ ለምን ታካሚው ከመርፌው በኋላ ይሻለዋል? ምክንያቱ ብዙ ነው። ሥር የሰደደ ሕመም በራሱ ከፍና ዝቅ ይላል፤ ሰው ወደ ክሊኒክ የሚሄደው ሲብስበት ስለሆነ ቀጥሎ የሚመጣው መሻል ነው። ከአንቲባዮቲኩ ጋር የሚሰጠው የሕመም ማስታገሻ ወይም ስቴሮይድ መቆጣቱን ለጊዜው ያበርደዋል። ወሩ ሳይሞላ ሕመሙ ሲመለስ «ታይፎይዱ ተመለሰ» ይባላል፤ ዊዳሉም እንደገና «ፖዘቲቭ» ይሆናል፣ ትዝታው አልጠፋምና። ይህ ሲደጋገም ገንዘብ ያልቃል፣ ተሕዋስያን መድኃኒት ይላመዳሉ፣ ሌላም ጉዳት ይከተላል። ለታይፎይድ በብዛት የሚታዘዘው ሲፕሮፍሎክሳሲን ያለበት የመድኃኒት ወገን ጅማትንና የእጅ እግር ነርቭን ሊጎዳ እንደሚችል የአሜሪካ የመድኃኒት ቁጥጥር መሥሪያ ቤት ከ2008 ጀምሮ ደጋግሞ አስጠንቅቋል። ለቁርጥማት የተሰጠ መድኃኒት ቁርጥማት የሚጨምርበት ሁኔታ አለ ማለት ነው። መከላከያው ያስቀመጠውን ትዝታ እንደ ወራሪ ቆጥሮ መውጋት፣ ሰውነቱ ራሱ የሠራውን ስሕተት በመድኃኒት ቤት መድገም ነው።

ሦስት ተቃውሞዎች

የመጀመሪያው ተቃውሞ ከታካሚው ይመጣል። «ያው ነርቭ ነው ማለታችሁ አይደለም?» ጥያቄው ተገቢ ነው፤ «ነርቭ ነው» የሚለው ቃል በክሊኒክ ውስጥ «ምንም የለብህም» ማለት ሆኖ ስለቆየ። እዚህ የተባለው ተቃራኒው ነው፤ የሆነ ነገር አለብህ፣ ያለውም ራጅ በማይደርስበት ቦታ ነው። ራጅና ኤም አር አይ አጥንትና ዲስክ ያሳያሉ፣ ሕመም አይለኩም። ሕመም የሌለባቸውን ሰዎች ምስሎች የሰበሰበ በ2015 የታተመ ግምገማ፣ በ20 ዓመታቸው 37 በመቶዎቹ፣ በ80 ዓመታቸው 96 በመቶዎቹ ያረጀ ዲስክ እንዳላቸው አግኝቷል። የተበላሸ ምስል ያለ ሕመም፣ ሕመምም ያለ ተበላሸ ምስል ይኖራል። ሐዘን፣ ፍርሃትና እንቅልፍ ማጣትም ሕመሙን ያባብሳሉ፤ ይህን መካድ አያስፈልግም። የሚያባብሱት ግን በዚያው በሥጋዊው መንገድ ነው። በ1978 የተሠራ ሙከራ፣ ማስታገሻ ወሰድሁ ብሎ ባዶ መድኃኒት የወሰደ ሰው የሚያገኘው እፎይታ የሞርፊንን ሥራ በሚያግድ መድኃኒት እንደሚቀንስ አሳይቷል፤ ተስፋ ራሱ አንጎል ውስጥ የሚለቅቀው ኬሚካል አለው። ሰው ሶደሬ ወይም ወንዶ ገነት ፍል ውኃ ገብቶ፣ ጠበል ተጠምቆ ወይም ዱዓ ተደርጎለት ቀለል አለኝ ሲል አልዋሸም። መሻሉ እውነት መሆኑ ግን ተደብቆ የቀረ ቲቢ አለመኖሩን አያረጋግጥም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከሐኪሙ ይመጣል፤ ከሁሉም ከባዱ ይህ ነው። «ያቆየው» የሚለው ሐሳብ የሰነፍ መሸሸጊያ ሊሆን ይችላል። የብሩሴሎሲስ ታማሚ «የነርቭ ንቃት ነው» ተብሎ ሊመለስ ይችላል። ፍሎራይድ ያለበትን ውኃ የሚጠጣ ሰው ስለ ሕብለ ሰረሰር ገለጻ ሰምቶ ወደዚያው ጉድጓድ ሊመለስ ይችላል። መልሱ ሁለቱን ጥያቄዎች በቅደም ተከተል መጠየቅ ነው። ክብደት መቀነስ፣ የሌሊት ላብ፣ ትኩሳት፣ ከእረፍት ጋር የሚብስ የጀርባ ሕመም፣ የእግር መስነፍ፣ ሽንት መቆጣጠር አለመቻል ያለበት ሰው ያመጣው እስኪታወቅ ድረስ መመርመር አለበት። የደም ማነስ፣ የእንቅርት ሆርሞን፣ ስኳር፣ ኤች አይ ቪ፣ ቲቢ መታየት አለባቸው። አንገቱን ማዞር ያቃተው የሸለቆ ነዋሪ የሚጠጣው ውኃ ከየት እንደሆነ መጠየቅ አለበት፤ በፍሎራይድ ለተጎዳ አጥንት ከውኃ መቀየር የሚቀድም መድኃኒት የለምና። በእሱ ዘንድ ያመጣውም ያቆየውም ገና በየቀኑ በጀሪካን የሚቀዳው ነው። ክርክሬ ምርመራን የሚያስቀር ቢሆን ኖሮ ይህ ተቃውሞ ያፈርሰው ነበር። የሚያስቀረው ግን ያንኑ ምርመራ ለአምስተኛ ጊዜ መድገምን ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ «የሚለካ ነገር የት አለ?» ይላል። እስካሁን ፋይብሮማያልጂያን ወይም ከኢንፌክሽን በኋላ የሚቀረውን ሥር የሰደደ ድካም በአንድ የደም ምርመራ የሚለይ የለም፤ ሕሙማኑም ሁሉ አንድ ዓይነት አይደሉም። አንዱ ላይ መከላከያው ያይላል፣ ሌላው ላይ የነርቭ ንቃቱ። ይህ የእውቀቱ ድንበር ነው፤ የሕመሙ ማስተባበያ ግን አይደለም። ማይግሬንም የሚታወቀው በታካሚው ቃል ነው፤ ማንም ሐኪም የለም አይለውም። የአሜሪካ የሕክምና ኢንስቲትዩት በ2015 ሥር የሰደደውን የድካም ሕመም መላ ሰውነትን የሚነካ ከባድ በሽታ ብሎታል። ከ2022 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የዓለም ጤና ድርጅት የበሽታዎች ምደባም ሥር የሰደደ ሕመምን የሌላ በሽታ ምልክት ብቻ ከመሆን አውጥቶ የራሱን መለያ ሰጥቶታል።

ታዲያ ምን ይደረግ?

እዚህ ላይ ለሁሉም የሚሆን አንድ ምክር መስጠት ራሱ ጉዳት ያመጣል። በ2021 የእንግሊዝ የጤና መመሪያ አውጪ ተቋም በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት መመሪያዎች አወጣ። ሌላ በሽታ ለማይገልጸው ሥር ሰደድ ሕመም የአካል እንቅስቃሴን መከረ፣ እንደ ሞርፊን ያሉ ማስታገሻዎች እንዳይጀመሩ አለ። ለሥር ሰደድ የድካም ሕመም ደግሞ በዕቅድ እየጨመረ የሚሄድ እንቅስቃሴ እንዳይታዘዝ አለ፤ እነዚህ ሕሙማን ከአቅማቸው ካለፉ በማግሥቱ ወይም ቀን ዘግይቶ ለቀናት ይወድቃሉና። ስለዚህ ሐኪሙ አንድ ቀላል ጥያቄ መጠየቅ አለበት። «ስትሠራ ያምሃል ወይስ ከሠራህ በኋላ በሚመጣው ቀን ትወድቃለህ?» የመጀመሪያው ቀስ በቀስ መንቀሳቀስ ይረዳዋል። ሁለተኛው ጉልበቱን መቆጠብ፣ ሥራውን ከፋፍሎ መሥራት ያስፈልገዋል። የቲማቲም ማሳ ላይ በቀን ሒሳብ የሚሠራ ሰው ወይም ውኃ በጀርባዋ የምታመላልስ እናት «ዕረፉ» ቢባሉ እንደማይችሉ ግልጽ ነው፤ ለዚህ ነው ምክሩ ለታካሚው ብቻ ሳይሆን ለቤተሰቡም መነገር ያለበት። ሰነፍ ተብሎ የሚሰደብ ሰው ከአቅሙ በላይ ይሠራል፣ ይወድቃል፣ ውድቀቱም እንደገና ስንፍና ይባላል።

መድኃኒትም አለ፣ ርካሹም አለ። አሚትሪፕቲሊን በትንሽ መጠን ማታ ሲወሰድ የነርቭን ሕመም ያቀልላል፣ እንቅልፍ ይመልሳል፤ አፍ ማድረቅና ማደንዘዝ ስላለው፣ የልብ ችግር ባለበትና በአረጋዊ ሰው ላይ ጥንቃቄ ስለሚፈልግ፣ በሐኪም መታዘዝ አለበት። ሳይብራራ ከታዘዘ ታካሚው መድኃኒት ቤት «የአእምሮ መድኃኒት ነው» ሲባል ይጥለዋል። «ይህ ክኒን በብዙ መጠን ለድባቴ ይሰጣል፤ በዚህ መጠን ግን የነቃውን ነርቭ ያረጋጋል» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ክኒኑን ከመጣል ያድነዋል። በየወሩ ለዊዳልና ለመርፌ የሚወጣው ብር ከዚህ ይበልጣል።

ስለዚህ ከጤና ጣቢያ እስከ ሆስፒታል በካርዱ ላይ አንድ መስመር ቢጨመር ብዙ ይለውጣል። «ያመጣው» የሚለው ከተሞላ በኋላ፣ ታከመም ታጣም፣ ከሥሩ «ያቆየው» የሚል መስመር ይኑር። የእንቅልፍ ማጣት ነው? የነርቭ ንቃት ነው? ያልበረደ መከላከያ ነው? በየቀኑ የሚጠጣው ውኃ ነው? ባዶውን መስመር ለመሙላት የግድ አዲስ መሣሪያ አያስፈልግም። ታካሚው ሲናገር ማመንና ከዚያ በኋላ መጠየቅ ያስፈልጋል። «ምርመራው ንጹሕ ነው» የሚለው ውጤት አንዳንድ በሽታዎችን ከዝርዝሩ ያወጣል፤ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። ሰውየውን ግን ከሕሙማን ዝርዝር አያወጣውም።